ለሰው ሁሉ ቅድሚያ የሰጠችው ብዙአየሁ

ብዙአየሁ ሰው ማስቀደም ትወዳለች። ቦኖ ላይ ተራዋ ደርሶ ነፍሰ ጡር ካየች ጀሪካኗን ወደ ኋላ ትጎትታለች። ወፍጮ ቤት ሽማግሌ ከመጣ የሷ እህል መጨረሻ ነው የሚፈጨው። በር ላይ ከሰው ጋር ከተገጣጠመች ደግሞ ይግቡ፣ ኧረ እርስዎ ይቅደሙ፣ በፍጹም አይሆንም ሲባባሉ ከሁለቱም ቀድሞ የሚገባው ብርዱ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ እንደሆነ ግባ እስኪሉት አይጠብቅም። ባሏ አየለ፣ አንቺ እኮ የገነት በር ላይም ሰው ስታሳልፊ ይዘጋብሻል እያለ ይቀልድባታል። ትስቃለች እንጂ አትታረምም። እንግዲህ ባጃጅ እነዳለሁ ብላ የተነሳችው ይህችው ሴት ናት።

ብዙአየሁ የገበሬ ልጅ፣ የገበሬ ሚስት፣ ራሷም ገበሬ ነበረች። ምዕራብ ወለጋ ተወልዳ፣ እዚያው ስምንተኛ ክፍል ደርሳ፣ እዚያው ተድራ በቆሎዋን ስታመርት ኖረች። ክፉ ቀን መጣና ቤት ንብረቷን ጥላ፣ ከባሏ ጋር ሁለት ልጆቿንና አሮጊት እናቷን ይዛ ደብረ ብርሃን መጠለያ ገባች። ስለመጣችበት መንገድ ብዙ አታወራም፤ የሚያውቋትም አይጠይቋትም። ማውራት የምትወደው ከደረሰች በኋላ ያለውን ነው።

በገቡ በመጀመሪያው ክረምት እናቷ አረፉ። ሞቃት አገር የለመዱ ሰው ነበሩ፤ ብርዱን አልቻሉትም። ብዙአየሁን ከሐዘኑ እኩል ያስጨነቃት ቀብሩ ነበር። ዘመድ በሌለበት አገር ማን ይቆፍራል፣ ማን ይሸከማል፣ ማን አብሮ ያለቅሳል? እሷ እንዲህ ስትብሰለሰል ከመጠለያው ማዶ ያለው ሰፈር እድር ድንኳኑን በጋሪ ጭኖ መጣ። አግዳሚ ወንበር መጣ፤ ንፍሮ መጣ፤ ፊታቸውን አይታ የማታውቃቸው ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ከፊት የነበሩት ወይዘሮ ወለተሐና ናቸው። ባላቸው ቄስ ነበሩ፣ ካረፉ ቆይቷል፤ የእድሩን የሴቶች ሥራ የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ብዙአየሁ እግራቸው ላይ ወድቃ፣ እትዬ፣ ሳታውቁን እንዴት መጣችሁልን ብትላቸው ቀና አደረጓት።

«ልጄ፣ ለቅሶ ለመድረስ መተዋወቅ ያስፈልጋል እንዴ?» አሏት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ብዙአየሁ ለዚህ ከተማ ያላትን ምስጋና የምታስቀምጥበት አጣች። ውለታውን መመለስ አትችልም፤ ስለዚህ ታስቀድማለች። ያስጠጋኝን ሰው ቀድሜ እንዴት ውሃ እቀዳለሁ፣ ቀድሜውስ እንዴት አስፈጫለሁ ትላለች። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል። እሷም ብረት የምትሆንበትን ቀን ፈርታ ራሷን ከሰው ሁሉ ኋላ አሰለፈች። ዓመታት አለፉ፤ ልጆቿ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ኳስ ሲራገጡ ማን ከየት እንደመጣ መለየት አይቻልም። እናታቸው ግን ገና ደጃፍ ላይ ቆማ ግቢ እስክትባል የምትጠብቅ ሴት ነበረች።

ታዲያ አንድ ጊዜ የመጠለያው ሴቶች ማኅበር ከአንድ የረድኤት ድርጅት ባጃጅ ተሰጠው። ማን ይንዳት ሲባል ስብሰባው ብዙአየሁን መረጠ፤ ታማኝ ናት፣ ማንበብ ትችላለች፣ ከሰው አትጣላም ተባለ። እሷ እንደ አመሏ ሌላ ሰው ይቅደም ብላ ነበር፤ ሴቶቹ አልሰሟትም፣ ማሰልጠኛ አስመዘገቧት። ይሁን እንጂ ውሳኔው ገደብ ነበረው። ከፋሲካ በፊት መንጃ ፈቃዷን ካላመጣች ባጃጇ ለሌላ ሴት ትሰጣለች። አየለ በቀን ሥራ ድንጋይ ሲሸከም ወገቡን ታሞ ከተኛ ሰንብቷል። ቤቱ ተስፋ ያደረገው ይህችን ባጃጅ ብቻ ነበር።

የማሰልጠኛው አስተማሪ መምህር ሰይፈሥላሴ ይባላሉ። በጉብዝናቸው ጊዜ ተሳቢ መኪና እየነዱ አሰብ ሲመላለሱ የኖሩ፣ ድምፃቸው እስካሁን የሞተር ጩኸት አሸንፎ የሚሰማ ሰው ናቸው። ይቆጣሉ፤ ቁጣቸው ግን እንደ ሐምሌ ፀሐይ ነው፣ ብቅ ብሎ ይጠፋል። ብዙአየሁ የመንገድ ምልክቱን ሁሉ ቶሎ ጨረሰችው። ስለ ፍሬን፣ ስለ ጎማ፣ ስለ ፍሬቻ ብትጠየቅ እንደ ውዳሴ ማርያም ትወጣዋለች። አደባባይ ላይ ስትደርስ ግን ነገር ይበላሻል።

ፈተናው በኮምፒውተር ነው። ሥዕል ይመጣል፤ ክብ አደባባይ፣ ውስጡ የሚዞር መኪና፣ ለመግባት የሚጠብቅ ሌላ መኪና። ቅድሚያ ያለው የትኛው ነው ይላል። በመጀመሪያው ፈተና አደባባዩ ውስጥ ያለችው ትንሽ አውቶሞቢል፣ ውጭ የቆመው ሕዝብ የጫነ አውቶቡስ ነበር። ብዙአየሁ አውቶቡሱን መረጠች። ያ ሁሉ ሕዝብ ቆሞ አንድ ሰው ያልፋል እንዴ? ወደቀች። በሁለተኛው ፈተና ውጭ የቆመው ጭነት ያጎበጠው አይሱዙ ነበር፤ ውስጥ ያለው ባዶ። ሸክም ላለበት ይለቀቃል ብላ አይሱዙውን አሳለፈችው። አሁንም ወደቀች። እንዲህ ያለው ጥያቄ አንድ ብቻ ቢሆን ባልጎዳት ነበር፤ ቅድሚያ የሚል ነገር በመጣ ቁጥር ግን ልቧ ከመጽሐፉ ቀድሞ ይመልሳል። በማሰልጠኛው ደንብ ሦስተኛ የወደቀ ሥልጠናውን ከሀ ይጀምራል። እሷ ከሀ ጀምራ እስክትጨርስ ደግሞ ፋሲካም ባጃጇም አልፈዋል።

ሞኝ ሆና አይደለም። ባደገችበት አገር የእግር መንገድም ሕግ አለው። ሸክም የያዘ ይቀድማል። ዳገት ለሚወጣ የሚወርደው ጥግ ይይዝለታል። ለሽማግሌ ከበቅሎ ይወረዳል፤ ሬሳ ለያዘ ሁሉም ይቆማል። ያ ሕግ መጀመሪያ የሚያየው የሰውየውን ፊት ነው። የአደባባዩ ሕግ ፊት አያይም፤ ውስጥ ነህ ወይስ ውጭ ብሎ ብቻ ይጠይቃል። ለብዙአየሁ ይህ አሳዳጊ የበደለው ልጅ ሕግ መሰላት። እውነቷን ነው፤ ሲያዩት ይመስላል።

መምህር ሰይፈሥላሴ በጆሮ አልገባ ያለው በእግር ይገባል ብለው አንድ ቀን ሰልጣኞቹን ወደ ግቢው አወጧቸው። በኖራ ትልቅ ክብ አሰመሩ፤ አራት መግቢያ ሠሩለት። በሉ እናንተ መኪና ናችሁ፣ ዙሩ አሏቸው። ልትገቡ ስትሉ ከግራ በኩል እየዞረ የሚመጣውን አሳልፉ፤ ልትወጡ ስትሉ ቀኝ እጃችሁን እንደ ፍሬቻ ዘርጉ። ሰው እየሳቀ ዞረ። ብዙአየሁም ገብታ እየዞረች ሳለ በሚቀጥለው መግቢያ ላይ ቄስ ገብረአማኑኤልን አየች። ከአንኮበር የመጡ አዛውንት ናቸው፤ ልጆቻቸው ያንን ዳገት በእግር መውጣት ይብቃዎት ብለው መኪና ስለገዙላቸው በስተርጅና መንዳት ይማራሉ። መስቀላቸውን ይዘው፣ ደንቡን አክብረው፣ ብዙአየሁ እስክታልፍ ቆመዋል። ብዙአየሁ ግን ቆመች። ጎንበስ ብላ፣ ይለፉ አባ አለቻቸው።

የቄሱም ትሕትና ከሷ አይተናነስም። ኧረ ልጄ፣ ውስጥ ያለሽው አንቺ ነሽ፣ እለፊ አሉ። በፍጹም አለች። በእመብርሃን አሉ። እኔ ልሙት አለች። ይህን ጊዜ ከኋላዋ የነበረው ሰልጣኝ ከጀርባዋ ጋር ተጋጨ፣ የሱ ተከታይ ከሱ ጋር፣ እንዲህ እያለ ክቡ በሙሉ ተደራርቦ ቆመ። ሰዉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። መምህር ሰይፈሥላሴ አልሳቁም። እውነተኛ መንገድ ላይ ከኋላ የሚመጣው ሲኖትራክ ሲሆን ምን እንደሚከተል በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው። ወደ ክቡ ገብተው አጠገቧ ቆሙ።

«ስሚ ብዙአየሁ፣» አሏት። «ከገባሽ ገብተሻል። ከየት መጣሽ፣ መቼ ገባሽ፣ የማን ልጅ ነሽ የሚልሽ የለም። ከገባሽ በኋላ መንገዱ ያንቺ ነው። መሃል ላይ ቆመሽ ይቅርታ አትጠይቂም።»

ስለ መኪና ነበር የተናገሩት። ብዙአየሁ ግን ስለ ራሷ ሰማችው። ይህን ቃል ከአንድ ሰው አፍ ለመስማት ዓመታት ስትጠብቅ እንደኖረች ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። እንባዋ ሲመጣባት ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ብርዱ ነው አለች። መምህሩ ደነገጡ። በቁጣዬ አስለቀስኳት ብለው ከሰዓት በኋላውን በሙሉ በለሰለሰ ድምፅ ሲያስተምሩ ዋሉ፤ ለሌሎቹ ሰልጣኞች ትልቅ እረፍት ሆነላቸው።

ቃሉን ወደደችው፣ ማመን ግን አቃታት። ወደ ቤቷ ስትሄድ ከራሷ ጋር ትሟገታለች። እሺ፣ መንገዱ የኔ ይሁን። አባ ገብረአማኑኤልን የሚያህል ሰው አቁሜ ካለፍኩ ግን አክብሮት የት ሄደ? መልሱን በቃሏ ሸምድዳ መሄድ ትችላለች፤ ሥዕሉ ሲለዋወጥ ልቧ እንደገና እንደሚያሸንፋት ታውቃለች። አየለ ከተኛበት ሆኖ፣ ኮምፒውተሩ ሰው አይደለም፣ አትዘኚለት ቢላት እንኳ አልሳቀችም። የመጨረሻው ፈተና ቀርቧል፤ የማኅበሩ ሴቶችም ባገኟት ቁጥር እንዴት ሆነ ይሏታል።

በዚያው ሰሞን በወይዘሮ ወለተሐና ሰፈር ሰው ሞተ። ብዙአየሁ ከእናቷ ቀብር ወዲህ የዚያ ሰፈር ለቅሶ አንድም አምልጧት አያውቅም። ድንኳኑ ያው የእናቷ ድንኳን ነው፤ ጥጉ ላይ የተጣፈችውን ጨርቅ ሳይቀር ታውቃታለች። ገብታ ሐዘንተኞቹን እጅ ነሳችና አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ጥቂት ቆይቶ ሌሎች ለቀስተኞች በር ላይ ደረሱ፤ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ከፊት አሉ። እንደ ወጉ ቀድመው የገቡት እግዜር ያጥናችሁ እያሉ ተነስተው በተራ መውጣት ጀመሩ። በር ላይ ያሉት እነሱ እስኪወጡ ይጠብቃሉ። ብዙአየሁም ከሚወጡት ጋር ተነስታለች።

በሩ አጠገብ ስትደርስ ሽማግሌዎቹን አየችና አመሏ ተነሳባት። ቆመች። ጎንበስ ብላ ይግቡ፣ ይግቡ ማለት ጀመረች። ከኋላዋ ያሉት መውጣት አቃታቸው። ሽማግሌዎቹም እንዳይገቡ ሰው አለ፣ እንዳይቀሩ ተጋብዘዋል፤ አንድ እግራቸውን አስገብተው አንዱን ውጭ አስቀሩ። ድንኳኑ በር ላይ ሰው ተፋጠጠ። ወይዘሮ ወለተሐና ከውስጥ ሆነው ይህን አዩና መጥተው ክንዷን ያዙ። እየመሩ አወጧት። ውጭ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ እነሱን ማክበርሽ መውጣትሽ ነው፣» አሏት። «አንቺ ካልወጣሽላቸው በየት በኩል ይገባሉ?»

ብዙአየሁ ዞር ብላ አየች። የሚወጡት ወጥተው አለቁ፤ ሽማግሌዎቹ ገቡ። የተናቀ የለም፣ የተጋፋም የለም። ይህን ወግ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። እናቷ የሞቱ ጊዜ ያ ሁሉ የከተማ ሰው ጠባቡ ድንኳን ውስጥ ገብቶ የወጣው በዚሁ ወግ ነበር። አንዱ መሃል ላይ ቆሞ ሌላው ይቅደም ቢል ኖሮ ግማሹ ደጅ ቀርቶ ይመለስ ነበር። ውስጥ ያለው ቀድሞ የሚያልፈው ከውጭ ካለው ስለሚበልጥ አይደለም፤ ለውጭው ቦታ የሚለቅለት እሱ ስለሆነ ነው።

እትዬ፣ አደባባይ ማለት እኮ ይኼ ነው አለቻቸው። ወይዘሮ ወለተሐና ለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ ስለ ምን አደባባይ እንደምታወራ አልገባቸውም። ድካም ይሆናል ብለው ንፍሮ ዘገኑላት። ቁጭ ብላ ንፍሮዋን እየቆረጠመች ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ፈተናውን፣ አውቶቡሱን፣ ቄሱን፣ መምህሩ ያሏትን ቃል። በመጨረሻም ለማንም ተናግራው የማታውቀውን ተናገረች። እንግዳ ነኝ እኮ እትዬ፣ ባለአገሩን እንዴት እቀድማለሁ አለች። ወይዘሮዋ በእጃቸው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በኩል ጠቆሙ፤ የእናቷ መቃብር በዚያ ነው።

«እናቱን የቀበረ ሰው በዚያ አገር እንግዳ አይባልም፣» አሏት።

ብዙአየሁ ያን ቀን በእናቷ ለቅሶ ያላለቀሰችውን አለቀሰች። ወይዘሮ ወለተሐናም አላባበሏትም፤ ለቅሶ ቤት ስለሆነ የሚገረም ሰው አልነበረም።

በፈተናው ቀን ሥዕሉ መጣ። ነገረኛ ነው፤ ውስጥ ያስገባው ባዶ ባጃጅ፣ ውጭ ያቆመው ሰው የሞላው ትልቅ አውቶቡስ። ብዙአየሁ አየችውና ፈገግ አለች። ባጃጇ ቶሎ ካልወጣችለት ያ ሁሉ ሕዝብ ደጅ ቆሞ መዋሉ ነው። ባጃጇን መረጠች። የሚቀጥለውንም፣ ከዚያ የሚቀጥለውንም እንዲሁ። ውጤቱ ሲነገራት ማለፏን ሁለት ጊዜ አስደግማ ጠየቀች፤ ከዚያ ሮጣ መምህር ሰይፈሥላሴን እጃቸውን ልትስም ብትል እጃቸውን ሸሸጉ። ሂጂ፣ ሌላ ተማሪ ይግባበት፣ በሩን አትዝጊብኝ አሏት። ቁጣ አስመስለው ነው እንጂ ዓይናቸው ይስቅ ነበር። የተግባሩንም ፈተና አለፈች፤ ፋሲካ ሳይገባ መንጃ ፈቃዷን ለማኅበሩ ሴቶች አሳየች። ሴቶቹ እልል አሉ። አየለ ወገቡን ይዞ ተነስቶ ባጃጇን ዞሮ ዞሮ አያትና፣ እንግዲህ ገነትም ሳይዘጋብሽ ትገቢ ይሆናል አላት።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት ወይዘሮ ወለተሐና ልከውባት መጣች። በሌላኛው የከተማው ዳር፣ በቅርቡ ከወለጋ የመጡ ቤተሰቦች በሰፈሩበት፣ አንድ አባት አርፈዋል። ቤተሰቡን የሚያውቅ ሰው የለም። እድሩ ይድረስ ብሏል፤ ባለጋሪው ደግሞ ፈረሱ ታሞበታል። አግዳሚውን ጎረምሶቹ ተሸክመው ቀድመዋል። የድንኳኑ ሸራ ተጠቅልሎ ባጃጇ ውስጥ ገባ፤ ወይዘሮ ወለተሐና እንደምንም ከጎኑ ተጣበቁ። ብዙአየሁ ያቺ ጥጉ ላይ የተጣፈች ጨርቅ ከኋላዋ እንዳለች እያወቀች አማተበችና ተነሳች።

ወደ አንኮበር የሚወስደው መንገድ በሚገነጠልበት አደባባይ ስትደርስ ቆመች፤ ከግራ የሚመጣውን ሁሉ አሳለፈች፣ ገባች። ዞር እንዳለች በሚቀጥለው መግቢያ ላይ አንዲት ነጭ መኪና ቆማለች። መሪውን በሁለት እጃቸው አንቀው፣ አፍንጫቸውን ወደ መስታወቱ አስጠግተው የሚጠብቁት ቄስ ገብረአማኑኤል ናቸው። የብዙአየሁ እግር ሳታዘው ወደ ፍሬኑ ሄደ። ከኋላዋ አይሱዙ አለ። ሸራው ከጀርባዋ ነው፤ ድንኳን የሚጠብቅ ሐዘንተኛም ከፊቷ። እግሯን መለሰች። በቄሱ ፊት አለፈች፣ ፍሬቻዋን አበራች፣ ወጣች። በመስታወቷ ስታይ ነጯ መኪና ቀስ ብላ ገባች።

ከአደባባዩ ራቅ ካለች በኋላ ግን ጥግ ይዛ አቆመች። ወረደች። የቄሱ መኪና ስታልፍ መሬት እስክትነካ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። አባ እጃቸውን ከመሪው ላይ ለማንሳት ስላልደፈሩ በራሳቸው ብቻ ባረኳት። ወይዘሮ ወለተሐና ምን ሆነሽ ነው ቢሏት፣ ዕዳ ነበረብኝ እትዬ ብላ ተመልሳ ሞተሯን አስነሳች።

ሲደርሱ አንዲት ሴት ፕላስቲክ የለበሰ ጎጆ ደጃፍ ላይ ብቻዋን መሬት ተቀምጣለች። ባጃጇን አየች፤ የሚወርደውን ሸራ አየች፤ አግዳሚ ተሸክመው የደረሱትን የማታውቃቸውን ሰዎች አየች። ብድግ ብላ የብዙአየሁን እግር ያዘች። ሳታውቁን እንዴት መጣችሁ አለች።

ወይዘሮ ወለተሐና መልሱን ያውቁታል። ግን ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው ቅድሚያውን ለብዙአየሁ ሰጧት። ብዙአየሁም ሴትዮዋን ቀና አደረገቻት።

«እህቴ፣» አለቻት፣ «ለቅሶ ለመድረስ መተዋወቅ ያስፈልጋል እንዴ?»